የአሲድ ፉርጎ ራፕቸር ዲስክ መንገድ ላይ እየተቀደደ ነው፤ ከፍ ባለ ዲስክ መቀየር ይፈቀዳል?

ጫኝ_ዴክ4፦

ሰላም ለሁላችሁ። አሜሪካ ውስጥ በባቡር ኬሚካል የምትጭኑ ወይም ታንከር ፉርጎ ጥገና ላይ የምትሠሩ ካላችሁ እርዱኝ።

የምንጭነው ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ነው። ፉርጎዎቹ ዶት 111ኤ100ደብልዩ5 የሚባሉት ዓይነት ናቸው፣ ውስጣቸው ጎማ የተለበጠ። አናታቸው ላይ ያለው የግፊት መልቀቂያ ሞላ ያለው ቫልቭ ሳይሆን ራፕቸር ዲስክ ነው፤ ግፊቱ ሲበዛ የሚቀደድ ስስ ክብ ሳህን ማለት ነው። ሁለቱ ተቀባዩ ጋ ሲደርሱ ዲስካቸው ተቀዶ፣ አሲዱ በጎናቸው ወርዶ ተገኘ። ሲለቀቁ ጌጁ ዜሮ ነበር። መጋዘን ውስጥ ደግሞ ስፋታቸው አንድ የሆነ፣ ምልክታቸው ላይ 100 እና 165 (የሚቀደዱበት ግፊት በፒኤስአይ፣ ማለት በፓውንድ በካሬ ኢንች) የሚል ዲስኮች ተቀላቅለው አሉ።

አለቃችን "165ቱን ግጠሙና እንገላገል" ይላል። ሌላው ዲስኩን አውጥተን ሞላ ቫልቭ እናስገባ ባይ ነው። ከፍ ማድረጉ ይፈቀዳል? ግፊት ከሌለስ ለምን ይቀደዳል? ደግሞ በየጭነቱ ዲስኩን ፈትቶ ማየት ግዴታ ነው ወይስ ከላይ አይቶ ማለፍ ይቻላል?

ሞላና_ዲስክ፦

መጀመሪያ መጋዘኑን ተወውና ፉርጎው ጎን ላይ የተጻፈውን አንብብ። ታንክ፣ ውፍረት፣ ቫልቮች፣ የግፊት መልቀቂያ እያለ በየረድፉ የተፈተሸበትን ዓመትና ቀጣዩን የሚያሳየው ሠንጠረዥ ላይ የዲስኩ ግፊት ተጽፏል። የሚገጠመው ያ ነው። ከፍም ዝቅም አይልም።

ቁጥሩ የሚመጣው ከአሜሪካ ፌዴራል ደንብ፣ ከ49 ሲኤፍአር አንቀጽ 179.15 ነው። ፈንድቶ ዳግም የማይዘጋ ዲስክ ከሁለት ቁጥሮች በሚበልጠው እንዲፈነዳ ይሠራል፦ ከታንኩ የሙከራ ግፊት 100 ፐርሰንት፣ ወይም ከታንኩ ዝቅተኛ የመፈንጃ ግፊት 33 ፐርሰንት። የአንተ ፉርጎ የሙከራ ግፊቱ 100፣ የመፈንጃ ግፊቱ 500 ፒኤስአይ ነው። የ500 33 ፐርሰንት 165 ስለሆነ የሚበልጠው እሱ ነው። ድሮ እነዚህ ፉርጎዎች በ100 ዲስክ ይሄዱ ነበር፤ ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ሳጥን ውስጥ የሚገናኙት ለዚህ ነው። ጎኑ ላይ 165 ተጽፎ 100 ገጥማችሁ ከነበረ መልስህን አግኝተሃል። ጎኑ ላይ 100 ከተጻፈ ግን አለቃህ ስላለ ብቻ 165 አይገጠምም። የፉርጎው ባለቤት በጽሑፍ ፈቅዶ፣ ሰነዱም ጽሑፉም ተቀይሮ ነው።

ብዙ ሰው የሚስተው ሌላ ነገር አለ። ዲስኩ ላይ የታተመው ቁጥር ጣሪያ ነው። የሚፈቀደው ልዩነት ወደ ላይ ዜሮ፣ ወደ ታች 15 ፐርሰንት ነው። 165 የተባለው ከ140 ግድም ጀምሮ፣ 100 የተባለው ከ85 ጀምሮ ቢቀደድ አምራቹን መክሰስ አትችልም።

ሞላ ቫልቭ ስለማስገባቱ፦ ለጋዝ፣ ለተቀጣጣይ ፈሳሽ፣ ለክፍል 4 (ተቀጣጣይ ጠጣሮችና የመሳሰሉት) እና ለ6.1 መርዞች የማሸጊያ ምድብ 1 እና 2 (አደጋቸው ከፍተኛና መካከለኛ ለሆኑት) መልሶ የሚዘጋ መሣሪያ ግዴታ ነው። የአንተ አሲድ ክፍል 8 (ብረትና ቆዳ የሚበላ ኬሚካል) ብቻ ስለሆነ ዲስክ ይፈቀድለታል። ሞላው ለአሲዱ ተን ተጋልጦ ከተቀመጠ ይበላል፤ የተበላ ሞላ ደግሞ በስንት እንደሚከፍት ማንም አያውቅም። የዲስክ ጉዳቱ አንዴ ከተቀደደ፣ ግፊቱ ለዓይን ጥቅሻ ብቻ ቢነሳም እንኳ፣ እስከ መድረሻው ቀዳዳ ሆኖ መሄዱ ነው።

ፈትቶ ስለማየቱ፦ የዚያው ደንብ አንቀጽ 173.31 (መ) ላኪው ፉርጎውን ከመልቀቁ በፊት የግፊት መልቀቂያውን፣ በተለይ ዲስኩን፣ ዝገትና ጉዳት እንዳይኖረው በጥንቃቄ እንዲያይ ያዛል። ከላይ ሽፋኑን ብቻ አይቶ ማለፍ በጥንቃቄ ማየት አይባልም። ሳይፈቱ ማየት የተፈቀደው ቅሪት ብቻ ለያዘ ፉርጎ ነው፣ ያውም ቅሪቱ ተጨማሪ አደጋ የሌለው ክፍል 8 ምድብ 2 ወይም 3፣ አለበለዚያ በሙቀት የሚጫን ክፍል 9 ሲሆን። ባዶውን ስትመልስ ይጠቅምሃል፤ ጭነህ ስትልክ አይጠቅምህም።

እዚያው ክፍል ላይ አንድ ከባድ ዓረፍተ ነገር አለ። መንገድ ላይ የትም ቦታ በመሣሪያ ያልጠበቀ መዝጊያ ከተገኘ ላኪው በአግባቡ እንዳልፈተሸ ይቆጠራል። ማፍረስ የምትችለው የላላበት ምክንያት ከቁጥጥርህ ውጭ መሆኑን በማስረጃ ስታሳይ ብቻ ነው። "እኛ ጋ ጠብቆ ነበር" ማለት አያድንም።

ብሎን_ቆጣሪ፦

ከላይ የተባለው ልክ ነው፤ ግን 165 ገጥሞ መተኛት የለም። ጌጁ ዜሮ ሆኖ ዲስክ የሚቀደደው አብዛኛውን ጊዜ በማዕበል ነው። ፉርጎው ከሌላ ፉርጎ ጋር ሲጋጠም ፈሳሹ ወደ አንድ ጫፍ ይሮጥና ይመለሳል፤ ሲመለስ አናት ላይ ያለውን አንገት በመዶሻ እንደመምታት ይመታዋል። ግፊቱ ለሰከንድ ሽርፍራፊ ብቻ ስለሚቆይ የትኛውም ተራ ጌጅ አያሳየውም። የባቡር ግቢዎች የተለመደው የመጋጠሚያ ጣሪያ በሰዓት 4 ማይል፣ ማለት 6.4 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ ምቱ በፍጥነት ያድጋል። አንዱ ምት ባይቀድደው እንኳ ዲስኩ ይደክማል፣ አሥረኛው በግማሹ ይበጥሰዋል።

መፍትሔው ከዲስኩ በታች የሚገባ የማዕበል ማብረጃ ነው፦ ምቱን የሚሰብር፣ ተኑን ግን የሚያሳልፍ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ክፍል። ቆርቆሮ ቀድታችሁ በራሳችሁ እንዳትሠሩ። ወደ ዲስኩ የሚያደርሰው መንገድ የሚፈለገውን የፍሰት አቅም መቀነስ የለበትም ብሎ ደንቡ በግልጽ ይከለክላል፤ ለፉርጎው የጸደቀውን ከባለቤቱ ጠይቁ።

አሁን አገጣጠሙ፤ ነገሩ እዚህ ነው የሚበላሸው። መያዣው ፊት ላይ የድሮ ጋስኬት ቅሪት ካለ ዲስኩ ጎድብጦ ይቀመጣል። ዳዶዎቹ በዙሪያ ተራ በተራ ከጠበቁ አንዱ ጎን ቀድሞ ይነክስና ዲስኩ ይጎተታል። በመስቀል ነው የሚጠብቁት፣ በሦስት ዙር፤ መጀመሪያ ሲሶውን፣ ከዚያ ሁለት ሲሶውን፣ በመጨረሻ አምራቹ የጻፈውን ሙሉ ቶርክ (የማጥበቂያ ጉልበት)፣ በቶርክ ቁልፍ። በረጅም ቧንቧ አስረዝሞ "ጠበቀ" ማለት ዲስክ መግደል ነው። ምልክቱ ላይ ያለው ቀስት ተኑ የሚወጣበትን አቅጣጫ ያሳያል፤ ተገልብጦ የገባ ዲስክ ቁጥሩ ዋጋ የለውም። የድሮው ተጣብቆ ቀርቶ አዲሱ በላዩ ሲደረብም የሚያጋጥም ነው። ያ ደግሞ በተቃራኒው አደገኛ ነው፤ ሁለቱ አንድ ላይ በስንት እንደሚፈነዱ የሚያውቅ የለም።

ባዶነት ሌላው ገዳይ ነው። ሲራገፍ የአየር መግቢያው ሳይከፈት ፓምፕ ከተነሳ ታንኩ ወደ ውስጥ ይስባል፣ የዲስኩ ጉብታ ይገለበጣል። ሲመለስ ዓይን ላይ ደህና ይመስላል፣ ግን ሽብሽብ አለው፤ ቀጣዩ ግፊት በሽብሽቡ መስመር ይቀድደዋል። ስለዚህ ስትፈታው ሁለቱንም ፊት በባትሪ እይ። ሽብሽብ፣ የመርፌ ቀዳዳ፣ ቀለሙ የተለወጠ ቦታ፣ በውጭው ፊት የደረቀ የአሲድ ምልክት ካለ አይመለስም። ቆሻሻ አይደለም ብለህ ጠርገህ እንዳትመልሰው።

የብረቱንም ዓይነት እንደ ግፊቱ አንብብ። ማይዝግ የሚባለው ብረት ለሃይድሮክሎሪክ አሲድ ምሳው ነው። ታንታለም ይችለዋል፣ ነገር ግን ያው ታንታለም ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ወይም ኦሊየም (የሚጨስ ሰልፈሪክ አሲድ) ላይ ቢገጠም ይጠፋል። አንድ ግቢ ሁለት ዓይነት አሲድ የሚጭን ከሆነ ዲስኮቹ በአንድ መደርደሪያ መቀመጥ የለባቸውም።

ስትፈታ፦ ሰው እየሠራ ነው፣ ፉርጎው አይነካ የሚለው ሰማያዊው ምልክት ሐዲዱ ላይ ይቁም፣ የእጅ ፍሬኑ ይያዝ፣ መንኮራኩሩ ይታገድ። ታንኩን በመተንፈሻው ወደ ስክረበር (የአሲድ ተን አጥቦ የሚያስቀር መሣሪያ) አስተንፍስ፣ ጌጁ ዜሮ ሲል መተንፈሻውን ክፍት ተወው፣ ከዚያ ከአንተ ማዶ ያለውን ዳዶ አስቀድመህ አላላ። ቅሪት ግፊት ካለ ወደ ማዶ ይወጣል።

ላብ_ወንበር፦

ሁለታችሁም ግፊቱ ከውጭ እንደመጣ አድርጋችሁ ነው የምታወሩት። ጎማ የተለበጠ ታንክ ውስጥ ግፊት ሊፈጠርም ይችላል። ልባጩ የሆነ ቦታ ከተቀደደ አሲዱ ብረቱን ያገኛል፤ አሲድና ብረት ሃይድሮጅን ይሠራሉ። ሲለቀቅ ዜሮ የነበረ ፉርጎ ከሦስት ቀን በኋላ ዜሮ አይደለም።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ታንኩን ወደ ዜሮ አስተንፍሰህ ዝጋ፣ ሙቀቱንና ግፊቱን ጻፍ፣ ከጥቂት ሰዓት በኋላ መልሰህ አንብብ። ሙቀቱ ሳይለወጥ ግፊቱ ከወጣ ያ ፉርጎ አይሄድም። ከአሲዱ ናሙና ወስደህ የብረት መጠኑን አስለካ፤ ከጭነቱ በፊት ከነበረው ዘሎ ከተገኘ ልባጩ አልቋል። ከዚያ በኋላ ማንዌዩ (አናት ላይ ያለው የሰው መግቢያ) አካባቢ ብልጭታ የሚያወጣ መሣሪያ፣ ብየዳ፣ ስልክም ቢሆን አይቀርብ።

ሌላው ተራ ምክንያት ከልክ በላይ መጫን ነው። ኢንሱሌሽን የሌለው ታንክ የጭነቱ ሙቀት 46 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢደርስ ቢያንስ ከአቅሙ 1 ፐርሰንት ባዶ ቦታ ሊቀረው ይገባል፤ በትንፋሽ የሚመርዙ ከሆነ 5 ፐርሰንት። ኢንሱሌሽን ላለው መለኪያው 41፣ የእሳት መከላከያ ሽፋን ላለው 43 ዲግሪ ነው። ጠዋት በቀዝቃዛ አሲድ እስከ አፉ የሞላ ታንክ ከሰዓት በኋላ ፈሳሹ ሰፍቶ ተን የሚቆምበት ቦታ ያጣል። ያኔ ዲስኩ የሚለቀው ተን ሳይሆን አሲድ ነው።

ሳምሶን_ሐዲድ፦

ጥያቄውን ልጠቀምበት። እኛ ጋ ከታች ዲስክ፣ ከላይ ሞላ ቫልቭ ያላቸው ጥምር መሣሪያዎች አሉ። በመካከላቸው መርፌ ቫልቭና ትንሽ ጌጅ አለ። ተጭኖ ሲያበቃ አንዱ 20 ፒኤስአይ አነበበ። ባልደረባዬ መርፌ ቫልቩን ከፍቶ አስተነፈሰው፣ ዜሮ ሲሆን "የፀሐይ ነው" ብሎ ፈረመ። ልክ ነው?

ሞላና_ዲስክ፦

ልክ አይደለም፣ ሒሳቡም የፀሐይ አይደለም ይላል። በመካከላቸው የታሰረው አየር ሲገጠም የከባቢ አየር ግፊት ነበረው፣ ወደ 14.7። ከ20 ዲግሪ ወደ 50 ዲግሪ ቢሞቅ የሚጨምረው 1.5 ፒኤስአይ ግድም ነው። 20 ከፀሐይ አይመጣም። ከታንኩ ነው የመጣው፤ ዲስኩ የመርፌ ቀዳዳ አለው ወይም መቀመጫው ያፈስሳል።

ለምን እንደሚያስፈራ ልንገርህ። ዲስክ የሚያውቀው የታንኩን ግፊት ሳይሆን በሁለት ፊቱ መካከል ያለውን ልዩነት ነው። 100 ላይ እንዲፈነዳ የተሠራ ዲስክ ከበላዩ 20 ከታሰረ ታንኩ 120 እስኪደርስ አይነቃነቅም። 50 ከታሰረ 150። ፉርጎው ወረቀቱ ላይ 100 ይላል፣ እውነቱ ሌላ ነው። 179.15 በመካከል መርፌ ቫልቭ፣ ትራይኮክ (ትንሽ የመፈተሻ ቧንቧ) ወይም ጠቋሚ እንዲኖር ያስገደደው ለዚህ ብቻ ነው። 173.31ም ከተጫነ በኋላ፣ ከመለቀቁ በፊት እንዲታይ ይላል። ግፊት አለ ማለት ዲስኩ አልቋል ማለት ነው። ማስተንፈስ ቴርሞሜትሩን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክሮ ትኩሳቱ ወረደ እንደማለት ነው።

በዚያ ላይ ባልደረባህ መርፌ ቫልቩን ከፍቶ ትቶት ከሆነ ሁለተኛ ጥፋት ነው፤ በጉዞ ላይ ዝግ መሆን አለበት። ቫልቩ ሁልጊዜ በውጭ በኩል ነው የሚቆመው፣ ከዲስኩ መፈንጃ ከ95 ፐርሰንት በማይበልጥ ግፊት እንዲከፍት ሆኖ። ከቫልቭ በታች ደግሞ ግራፋይት ዲስክ አይገባም፤ ሲፈነዳ ስብርባሪው ቫልቩ መቀመጫ ላይ ይሰካና አይዘጋም።

የተጫነ ፉርጎ ላይ እንዲህ ከተገኘ አራግፈህ ጠግን። ማራገፍ ካልተቻለ በ174.50 መሠረት ከፌዴራል ባቡር አስተዳደር ፈቃድ ሳይገኝ አይንቀሳቀስም። የሚያፈስ ሞላ ቫልቭም እንዲሁ ነው፤ ማስተካከያውን ማጥበቅ፣ መሰካት፣ ከላይ ክዳን ማሰር የለም። የታሸገውን የሚከፍት የጸደቀ የጥራት ሥርዓት ያለው ሾፕ ብቻ ነው።

ተስፋ_ፉርጎ፦

እኔ ያለሁት ፕሮፔን ላይ ነው። የእኛዎቹ 112ጄ340ደብልዩ የሚባሉት የግፊት ፉርጎዎች ናቸው፣ ቫልቫቸው 280.5 ፒኤስአይ ላይ ይከፍታል። ይህን ያህል ቫልቭ ካለ በእሳት ውስጥ ታንኩ ለምን ይፈነዳል?

ሞላና_ዲስክ፦

ቁጥሩን ከላይ ካለው ጋር አገናኘው፦ የእናንተ ታንክ የመፈንጃ ግፊት 850 ነው፣ 33 ፐርሰንቱ 280.5። ለሞላ ቫልቭ ያ ጣሪያ ነው፤ ወለሉ 75 ነው። ልዩነቱ 3 ፐርሰንት፣ ማለት 8.4 ወደላይ ወይም ወደታች። ሲዘጋ ቢያንስ በ80 ፐርሰንት፣ ወደ 224፣ ጠብቆ መያዝ አለበት። ሙሉ ፍሰቱ የሚለካው በ110 ፐርሰንት፣ 308 ግድም ነው። መክፈቻው ከ100 በታች ለሆነ ቫልቭ ልዩነቱ በፐርሰንት ሳይሆን 3 ፒኤስአይ ነው።

አሁን እሳቱ። ቫልቩ ግፊቱን ይይዛል እንጂ ብረቱን አያቀዘቅዝም። ፈሳሽ የነካው ብረት ሙቀቱን ለፈሳሹ ያስረክባል። ከላይ ተን ብቻ ያለበት ብረት ግን የሚያስረክብለት የለውም፤ ይግላል፣ ይለሰልሳል፣ በመጨረሻ ቫልቩ በትክክል እየሠራ እያለ በዚያው በተለመደው ግፊት ይቀደዳል። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1973 ኪንግማን፣ አሪዞና ላይ አንድ የፕሮፔን ፉርጎ ሲራገፍ ተቀጣጥሎ ፈንድቶ 11 እሳት አደጋ ሠራተኞች ሞተዋል። ክሬሰንት ሲቲ፣ ኢሊኖይ ሰኔ 1970 ላይ ደግሞ ከአንዱ ቫልቭ የወጣው ነበልባል ጎረቤቱን ታንክ ይጠብስ ነበር። 179.18 ታንኩ በገንዳ እሳት (ዙሪያውን በሚከብ እሳት) 100 ደቂቃ፣ በችቦ እሳት (አንድ ቦታ በሚመታ ነበልባል) 30 ደቂቃ ከግፊት መልቀቂያው በቀር በሌላ ሳያፈስ እንዲቆይ የሚያስገድደው ለዚህ ነው። በፉርጎዎቻችሁ ስም ውስጥ ያለው "ጄ" ለዚህ የሚሆን ሙቀት መከላከያ በብረት ጃኬት ውስጥ እንዳለ ያመለክታል። ጃኬቱ ከተቀደደ ወይም ኢንሱሌሽኑ ወርዶ ከታች ከተከማቸ 100 ደቂቃው የለም፤ ቫልቩን ብቻ አይቶ የሚፈርም ሰው ግማሹን ነው ያየው።

ፉርጎው በጎኑ ከወደቀ ሌላ ችግር ይመጣል፤ ቫልቩ ከፈሳሹ በታች ይሆንና ለተን የተለካው ቀዳዳ ፈሳሽ ይተፋል።

ብሎን_ቆጣሪ፦

አንድ ልጨምር፣ ምክንያቱም ማንም አያስበውም። የካቲት 3 ቀን 2023 (እ.ኤ.አ.) ኢስት ፓለስታይን፣ ኦሃዮ 38 ፉርጎዎች ከሐዲድ ሲወጡ ከነሱ ውስጥ አምስቱ ቪኒል ክሎራይድ ጭነው ነበር። የብሔራዊ ትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ መርማሪዎች ከአምስቱ የሦስቱ፣ አናት ላይ ቫልቮቹን የሚሸፍነው የመከላከያ ሳጥን ክዳን አሉሚኒየም እንደነበር አገኙ። አሉሚኒየም 660 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፤ ቅላጩ ወርዶ ቫልቭ ላይ ተገኝቷል። ቫልቩ በሾፕ ውስጥ ትክክል ሆኖ ወጥቶ ክዳኑ ሊያበላሸው ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ ክዳኑን ስትከፍቱ ማግኔት አስነኩት። ካልያዘ ለባለቤቱ ጻፉ።

እሳት አጠገብ ደግሞ ውሃ በቀጥታ ቫልቩ ላይ አይረጭም፤ በረዶ ሠርቶ ሊዘጋው ይችላል። ውሃው ለታንኩ አካል ነው። የቫልቩ ጩኸት እየበረታ ከሄደ ወይም የታንኩ ቀለም ከተለወጠ ወዲያው መራቅ ነው፤ ታንከር ፉርጎ በእሳት ውስጥ ካለ ርቀቱ በሁሉም አቅጣጫ 1600 ሜትር ነው።

ሳምሶን_ሐዲድ፦

እዚህ ያለው ደንብ ለቦቴ መኪናም ይሠራል? አገር ቤት ቦቴ ላይ ያለ ወንድሜ ጠይቆኝ ነው።

ሞላና_ዲስክ፦

አይሠራም። 173.31 እና 179 ለሐዲድ ብቻ ናቸው፤ አሜሪካ ውስጥም ቢሆን የመኪና ታንከር ሌላ ክፍል አለው። የነዳጅ ቦቴ ለከባቢ አየር ቅርብ ግፊት የተሠራ ስለሆነ ቁጥሮቹን ወደዚያ እንዳትወስዳቸው። የመርፌ ቀዳዳውና የጋስኬቱ ነገር ግን የትም ያው ነው።

ጫኝ_ዴክ4፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ አየሁት። ሁለቱም ፉርጎዎች ጎናቸው ላይ 165 ይላል። ከተቀደዱት ዲስኮች የተረፈው ምልክት ላይ 100 ተጽፏል።

ብሎን_ቆጣሪ፦

ከዚያው ሳጥን የወጡት ሁለቱ ብቻ ናቸው ብለህ አታስብ። የጭነት መዝገቡን ይዘህ ሳጥኑ ከተከፈተበት ቀን ጀምሮ የወጡትን ፉርጎ ቁጥሮች ሁሉ አውጣ። የተጫኑት አሁን መንገድ ላይ ናቸው፤ ለተቀባዮቹና ለባለቤቱ ዛሬውኑ በጽሑፍ ይድረሳቸው፣ ሲያራግፉ ታንኩን አስተንፍሰው እንዲያዩት። ግቢ ውስጥ ያሉትን አንተ ፍታቸው። 100ዎቹን ዲስኮች ደግሞ ከመደርደሪያው አውጥተህ ቆልፍባቸው፤ ጎኑ ላይ 100 የሚል ፉርጎ ካልመጣ በቀር ማንም እንዳይነካቸው። ማዕበል ማብረጃውን ለባለቤቱ መጠየቅህንም እንዳትረሳ፤ 165ቱም ቢሆን በየግቢው ሲጋጭ የሚከርም ነው።